የባትሪ ድሪል እምቢ ሲል፦ ከመግፋት በፊት የሚታዩ ነገሮች

የባትሪ ድሪል መብራት ቢጠፋም ስለሚሠራ ይወደዳል። እምቢ ሲል ግን ብዙ ሰው በጉልበት ይገፋዋል። አደጋውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጣታችሁን ከማስነሻው አንሱ፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ከዚያ ምልክቱን እዩ።

ፑንታው ይዞራል፣ ግድግዳው አይበሳም

መጀመሪያ አቅጣጫውን እዩ። ወደ ኋላ የሚዞር ፑንታ (የሚበሳው ብረት) ይጨሳል እንጂ አይበሳም። ያስቃል፤ ግን የተለመደ ነው። አቅጣጫው ልክ ከሆነ፣ ለብሎኬትና ለኮንክሪት የግድግዳ ፑንታ መግባቱን፣ ከፑንታው ኋላ ያለው ቀለበትም የመዶሻ ምልክት ላይ መሆኑን አረጋግጡ። መዶሻ በሌለው ድሪል ከኮንክሪት ኮለን ጋር አትታገሉ፤ በኮረንቲ የሚሠራውን ትልቁን ተዋሱ። ለእንጨት፣ ለብረትና ለሴራሚክ መዶሻው ይጥፋ። ሴራሚክ ይሰነጠቃል።

በድሮው የደሴ ጭቃ ቤት ነገሩ ይገለበጣል። ፑንታው ያለ ችግር ይገባል፣ ፊሸሩ (ቪቴ የሚገባበት ፕላስቲክ) ግን አይይዝም። ማገሩን ወይም ቋሚውን እንጨት ፈልጉና ቪቴውን እዚያ ላይ እሰሩ።

ፑንታው ቆሞ ድሪሉ ራሱ ዞረ

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ላሜራ ወይም ቱቦላሬ ስትበሱ፣ ፑንታው ሊያልፍ ሲል ጠርዙ ይነክሰዋል። ፑንታው ቢቆምም ሞተሩ አይቆምም፤ ጉልበቱ ሁሉ ወደ እጅ አንጓ ይመጣል። መሰላል ላይ ከሆናችሁ ያወርዳችኋል። ትንሽ ብረት በእጃችሁ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ራሱ እየዞረ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ስለዚህ ብረቱን በሞርሳ እሰሩ። ቦታውን በመዶሻና በሹል ብረት ምልክት አድርጉበት፤ ፑንታው አይንሸራተትም። ማርሹን 1 ላይ አድርጉ፣ ጠብታ ዘይት ጨምሩ፣ በቀጭን ፑንታ ጀምሩ። ሊያልፍ ሲል ግፊቱን ቀንሱ። ከነከሰ ማስነሻውን ደጋግማችሁ አትጫኑ። ባትሪውን ንቀሉና ድሪሉን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩት። የወጣውን ፑንታ ወዲያው አትንኩት፤ ያቃጥላል።

የደሴ ብርድ ጋቢ ያስለብሳል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ሽርጥ። ሁለቱም ከሚዞር ነገር ጋር አይስማሙም። የነጠላና የሻሽ ጫፍ ይታሰር፣ የላላ ጓንት ይውለቅ። መነጽር አድርጉ፤ የፀሐዩን ሳይሆን የሥራውን።

ቪቴው ሳይገባ ድሪሉ «ተረረረ» ይላል

አልተበላሸም። ከቻኩ (ፑንታውን ከሚይዘው አፍ) ኋላ ያለው ባለ ቁጥር ቀለበት ዝቅ ያለ ቁጥር ላይ ሆኖ ነው፤ ከፍ ወዳለ ቁጥር አዙሩት።

ፑንታው ከቻኩ ይላላል

አቧራውን አራግፉ፣ ፑንታውን በሦስቱ ጥርሶች መሃል አስገቡ፣ በእጅ አጥብቁ። ቻኩን በመዳፍ ጨብጦ ማስነሻ እየጫኑ ማጥበቅ ፈጣን ነው፤ ቆዳ ለመላጥም እንደዚያው።

ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ወይ ቻርጅ አይቀበልም

ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ባትሪውም ይሄን ያውቃል። ደሴ ላይ ውጭ ያደረ የሊቲየም ባትሪ በታኅሣሥ ጠዋት ጉልበቱ ይቀንሳል። ቤት ገብቶ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ምድጃ አጠገብ ግን አይቀመጥ። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ በዋለበት መኪና ውስጥ የተረሳ ባትሪ ይግላል፣ ቻርጀሩም አልቀበልም ይላል። ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ውኃ አይነካውም። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ግን ቻርጅም አታድርጉት፣ አትክፈቱትም።

ስትበሱ ብልጭ ብሎ ብሬከሩ ወረደ

«የባትሪ ስለሆነ ኮረንቲ አይዝም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ድሪሉ ውስጥ ያለው 12 ወይም 18 ቮልት ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው 220 ነው። ፑንታው ሽቦ አግኝቷል ማለት ነው። ብሬከሩን መልሳችሁ አታንሱ፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

እንዳይደገም፣ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታችም ሆነ ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ አትብሱ። ከመጀመራችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። መብራት የጠፋበት ቀን ቢሆንም አውርዱት፤ መሃል ላይ ሊመጣ ይችላል።