በጎልፍ የሚዋዥቅን ብቃት እንዴት ማረጋጋት ይቻላል

ባለፈው ቅዳሜ በ88 ምት የጨረሰ ተጫዋች በሳምንቱ 99 ሲመታ (በጎልፍ ምት ሲበዛ ውጤት ይከፋል) «ስዊንጌ (የዱላ አወናጨፌ) ጠፋ» ብሎ አያያዙን፣ አቋቋሙን፣ ዱላውን ሳይቀር መለወጥ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚባባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ስዊንግ በአንድ ሳምንት ብን ብሎ አይጠፋም። ከቀን ቀን የሚለዋወጡት ውሳኔ፣ የእጅ መጥበቅና ከመጥፎ ምት በኋላ የሚመጣው ችኮላ ናቸው። ስለዚህ ስዊንጉን ከመነካካትዎ በፊት በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. የውጤትዎን ስፋት ይወቁ። የመጨረሻዎቹን 20 የውጤት ካርዶች ይደርድሩ። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም ሃንዲካፕ (የተጫዋችን ችሎታ የሚገልጽ ቁጥር) ሥርዓት የሚያሰላው ከ20ዎቹ የተሻሉትን 8 ብቻ ወስዶ ነው፤ ቀሪዎቹ 12 አይቆጠሩም። እንግዲህ ሃንዲካፕ የሚናገረው በጥሩ ቀንዎ ምን እንደሚችሉ እንጂ የዘወትር ውጤትዎን አይደለም። ካርዶችዎ ከ87 እስከ 100 ከሆኑ፣ 97 የመቱበት ቀን የተለመደ ቀን ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ጤነኛ ስዊንግ ሲያክም ይኖራል። የሜዳው ከፍታም ሊያሳስት ይችላል፦ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይርቃል፤ ባሕር ዳርቻ ባለ ሜዳ በዚያው ዱላ የተመታ ኳስ ያጥራል።

2. ምቱ የት እንደሚባክን ይመዝግቡ። ለአራት ጨዋታ ያህል ካርዱ ላይ ከየጉድጓዱ አጠገብ ፊደል ይጻፉ። ቅጣት ካለ «ቅ»፣ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ ሦስት ፓት (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ምት) ከሆነ «ፓ»፣ የማያዋጣ ነገር ሞክረው ከሆነ «ው»፣ ምርጫው ትክክል ሆኖ አመታቱ ከተበላሸ «ም»። እዚያው ሜዳው ላይ ይጻፉ፤ ቤት ሲገቡ ሁሉም «ም» መስሎ ይታያል። «ው» እና «ፓ» የበዙበትን ካርድ መለማመጃ ሜዳ ላይ 100 ኳስ መምታት አይፈውሰውም።

3. ከምት በፊት አንድ ዓይነት ሥርዓት ይኑርዎት። ከኳሱ ኋላ 2 ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ። ዱላውንና ዒላማውን እዚህ ይወስኑ፤ ዒላማው «መሀል ሜዳ» ሳይሆን አንድ የተለየ ዛፍ ይሁን። በመስመሩ ላይ ከኳሱ 1 ሜትር ፊት ያለ ቅጠል ወይም የሣር ምልክት ይያዙ። ኳሱን ሳይነኩ ዱላውን አንድ ጊዜ ብቻ ለልምምድ ያወናጭፉና በረጅሙ ይተንፍሱ። ከዚያ ገብተው የዱላውን ፊት በምልክቱ ያስተካክሉ፣ ዒላማውን አንዴ ይዩና ይምቱ። ደንቡ አንድን ምት በ40 ሰከንድ ውስጥ መምታትን ይመክራል፤ ይህ ሁሉ 25 ሰከንድ አይፈጅም።

ሥርዓቱ የሚፈርሰው ኳሱ ላይ ቆሞ በመቆየት ነው። ከ5 ሰከንድ በላይ ሲቆሙ ጣቶች ሳይታወቅዎ ዱላውን ያንቃሉ፣ ክንድ ይደርቃል፣ የዱላው ፊት ሳይዘጋ (ወደ ዒላማው ሳይዞር) ኳሱን ያገኛል፤ በቀኝ ለሚመታ ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የእጅዎን ጥብቀት ከ10 በ4 ያህል ያቆዩት። ስለ ክርን፣ ስለ ዳሌ፣ ስለ ጉልበት ማሰብ ለልምምድ ነው፤ ጨዋታ ላይ ሐሳብዎ ኳሱ የሚሄድበት ቦታ ላይ ይሁን። ነፋሱ ከተለወጠ ወይም ስለ ዱላው ከተጠራጠሩ ወደ ኋላ ይውጡና ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ይህን የሚያፍሩበት ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እየተጠራጠሩ መምታት የበለጠ ያስከፍላል።

4. ሁለተኛውን ስህተት ይከልክሉ። ካርድን የሚያበላሸው የመጀመሪያው መጥፎ ምት ሳይሆን እሱን ለማካካስ የሚመታው ነው። ፓር 4 (በአራት ምት እንዲጨረስ የታሰበ ጉድጓድ) ላይ የመጀመሪያው ኳስዎ ዛፍ ውስጥ ገባ፣ 160 ሜትር ይቀራል እንበል። በቅርንጫፎች መካከል ያለው ቀዳዳ ያጓጓል፤ ይተዉት። 7 አይረን የሚባለውን ዱላ ይዘው፣ ኳሱን ወደ ኋላ እግርዎ አስጠግተው፣ በግማሽ ስዊንግ ወደ ሰፊው ክፍት ቦታ ያውጡት። ከዚያ አንድ ምት ወደ ግሪን፣ ሁለት ፓት፣ በ5 ጨረሱ። ቀዳዳውን የሞከረ በ7 ወይም በ8 ይወጣል። ንዴቱን 10 እርምጃ ያህል ይፍቀዱለት፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ስለሚቀጥለው ኳስ ይሁን።

5. ከጨዋታ በፊት ርቀትን ይለማመዱ። 10 ደቂቃ ከ6፣ ከ9 እና ከ12 ሜትር ፓት ያድርጉ። ሦስት ፓት በአብዛኛው የሚመጣው ከአቅጣጫ ሳይሆን ከርቀት ስህተት ነው፤ የግሪኑ ፍጥነትም በየቀኑ ይለያያል።

6. ልምምዱ ጨዋታን ይምሰል። በአንድ ዱላ 50 ኳስ በተከታታይ መምታት ደስ ይላል፣ ሜዳ ላይ ግን አይገኝም፤ በጨዋታ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ምት አይከተልም። 30 ኳስ ይውሰዱ፣ በየኳሱ ዱላና ዒላማ ይቀያይሩ፣ ሙሉውን ሥርዓት ይከተሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያው አንድ ስህተት ለሁለት ሳምንት መለማመጃ ሜዳ ላይም፣ ማንም በማያይዎት ጊዜም ከተደጋገመ፣ ጉዳዩ የአእምሮ አይደለም። ያኔ ከፊት ለፊትና ከኋላ በስልክ ቀርጸው ለአሠልጣኝ ያሳዩ፤ መጀመሪያ እንዲታይልዎት የሚጠይቁት አያያዝዎንና የኳሱን አቀማመጥ ነው።