ጊዜ ሲያጥር ቺንቺላን ማሯሯጥ

ከሥራ ስገባ መሽቷል፣ ልጆቹም እራት ይጠብቃሉ። ቺንቺላችን (ጸጉረ ብዙ፣ አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ ናት) ደግሞ ገና መንቃቷ ነው። ካልሮጠች ሌሊቱን ሙሉ የቤቷን ሽቦ ስታኝክ ታድራለች። እንቅልፍ የሚባል የለም።

ለውጥ ያመጣው ውስጡ ገብታ የምትሮጥበት መሽከርከሪያ ጎማ ነው። ክቡ ከዳር እስከ ዳር 38 ሴንቲሜትር የሆነ፣ መሮጫው ድፍን ብረት የሆነ ገዛሁ። ለሃምስተር፣ ከእሷ ለሚያንስ አይጥ መሰል እንስሳ፣ የሚሸጠው ትንሹ ጀርባዋን ያጎብጣል፤ ርብራብ ሽቦው ደግሞ እግር ሊሰብር ይችላል። ዋጋው ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ግን እኔ ተኝቼም እሷ ትሮጣለች። ውስጡ ገብታ የምትንከባለልበት የፕላስቲክ ኳስ ግን አይሞከርም! ጸጉሯ ለደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ብርድ የተሠራ ነው፤ እዚያ ውስጥ በሙቀት ትታፈናለች። ክፍሉ ራሱ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ያሰጋታል።

መሮጥ ብቻ አይበቃትም፣ መዝለልም ትወዳለች። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ የጥድ ጣውላዎችን ከፍና ዝቅ አድርጌ አሰርኩላት። ቀለምም ቫርኒሽም የላቸውም፤ ማኘኳ አይቀርማ።

ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት እለቃታለሁ። የመጸዳጃውን ክዳን እዘጋለሁ፣ ሳሙናና የኤሌክትሪክ ገመድ አነሳለሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ ሳጣጥፍ እሷ ትከሻዬ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ግማሽ ሰዓት ካገኘን ደህና ነው። ስንጨርስ አላሳድዳትም። የምትንከባለልበትን የአቧራ ሳህን ቤቷ ውስጥ ሳስቀምጥ ራሷ ዘላ ትገባለች።