ያገለገለ የበረዶ መግፊያን ማደስ

ለጓሮ ትራክተሬ ያገለገለ የበረዶ መግፊያ የገዛሁት የሚኒሶታ በረዶ ሳይጀምር፣ ዋጋው ሳይንር ነው። ዝገቱ አላስፈራኝም፤ ዝገት ይፋቃል። አገላብጬ ያየሁት በረዶውን የሚገፋው ላሜራ አለመጣመሙንና ብየዳው አለመሰንጠቁን ነበር።

ያስቸገረኝ ላሜራው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ፒን ነው፤ ከቀዳዳው ጋር ተጣብቆ ንቅንቅ አልል አለ። እንዲህ ያለውን በመዶሻ መደብደብ ጫፉን ጨፍልቆ ማስፋት ብቻ ነው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥቼ አሳደርኩት። በማግስቱ ዘይቱን በደንብ ጠርጌ፣ ፒኑን ሳይሆን የታቀፈበትን ቱቦ በእሳት አሞቅኩት፤ ቱቦው ሲሞቅ ቀዳዳውም ይሰፋል። ከዚያ በትልቅ መፍቻ ወዲያና ወዲህ ሳወዛውዘው ቀይ ዱቄት እያራገፈ ወጣ። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ፣ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት።

የታችኛው ስለት በአንድ ጠርዙ አልቋል። ደግነቱ ተገልባጭ ነው፤ የዛጉትን ብሎኖች ቆርጬ፣ ገልብጬ በአዲስ ብሎን አሰርኩት። እንቅፋት ሲገጥም ላሜራው እንዲያጎነብስ የሚፈቅዱትን ሞላዎች ግን በአዲስ ቀየርኩ፤ የላላ ሞላ እርጥብ በረዶ ሲከብደው ያለ እንቅፋትም ያጎነብሳል።

ቀለሙ ማንኛውም ይሁን፣ ፊቱ ለስላሳ ከሆነ በረዶ ብዙም አይጣበቅበትም። የእኔ የመኪና መግቢያ ጠጠር ስለሆነ፣ ስለቱ ጠጠሩን እንዳይዝቅ የጎን ጫማዎቹን (ላሜራውን ተሸክመው መሬት ላይ የሚንሸራተቱትን ብረቶች) ከስለቱ ግማሽ ኢንች ያህል ዝቅ አድርጌ አሰርኳቸው።