የእንሽርት ውሃ ሲያንስ «ውሃ ጠጪ» ብቻ አይበቃም

አንዲት የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ጎረቤቴ በ8ኛ ወሯ «የእንሽርት ውሃሽ አንሷል» ተባለች። የግንቦት የድሬ ሙቀት ነው ብላ ሳምንት ሙሉ ጆግ በጆግ ጠጣች። ለካ ውሃው ከታች እየፈሰሰ ነበር።

አነሰ የሚባለው ሆድሽ በአራት ተከፍሎ በአልትራሳውንድ የተለካው የውሃ ጥልቀት ድምር 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ወይም ጥልቁ ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ሲቀር ነው። ቁጥሩን ሳትጠይቂ ከክፍሉ አትውጪ። ከዚያ ለምን እንዳነሰ ፈልጊ።

የውስጥ ልብስሽ ይረጥባል?
ንጹህ ነጭ ሞዴስ አድርጊና ትንሽ ጋደም በይ። ከዚያ ተነሺ። ሽንት ከሆነ ይሸታል፣ ቢጫ ያደርጋል። የእንሽርት ውሃ ግን እንደ ውሃ ነው፤ ስትነሺ ዱብ ይላል። ከተጠራጠርሽ ባጃጅ ያዢና ዛሬውኑ ሂጂ። አረንጓዴ ከሆነ፣ ከሸተተ ወይም ካተኮሰሽ ደቂቃ አትቁሚ። ውሃ መጠጣት ይህን ፍሰት አይደፍነውም። እንደ እርግዝናው ሳምንት ፀረ ተሕዋስያን ይሰጥሻል፣ ወይም ምጥ ይጀመርልሻል።

እርጥበት የለም፣ ሆድሽ ግን ለወሩ ትንሽ ነው?
እንግዴ ልጁ በደንብ እየሠራ ላይሆን ይችላል፤ ደም ግፊትሽን አስለኪ። ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ አትዘግዪ። በግራ ጎንሽ ተኝተሽ የልጁን እንቅስቃሴ ቁጠሪ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ ነገን አትጠብቂ።

ለወገብሽ ሕመም ክኒን ትወስጃለሽ?
ይኼ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከ5ኛው ወር በኋላ ውሃው በአብዛኛው የልጁ ሽንት ነው (አዎ፣ ሽንት!)። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የልጁን ኩላሊት ያዳክሙታል። አቁሚና ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ብዙ ጊዜ ውሃው ይመለሳል። ለግፊት ኢናላፕሪል የምትወስጂ ከሆነ ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይቀይርልሽ።

ሽንትሽ ጠቁሯል፣ አፍሽ ደርቋል?
እንግዲህ «ውሃ ጠጪ» የሚለው ምክር የሚሠራው እዚህ ነው። ባለ 2 ሊትሩን ሃይላንድ አጠገብሽ አድርጊና ቀስ እያልሽ ጨርሺው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብሽ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። በርጫ ላይ ከሆንሽ ደግሞ ጫቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ለስላሳውም ውሃ አይተካም። ካስመለሰሽ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጥሻል። ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ አልትራሳውንዱ ይደገም።

ቀንሽ አልፏል?
ከ41 ሳምንት በኋላ ውሃው በራሱ ይቀንሳል። መፍትሄው ምጥ ማስጀመር ነው፤ «ልጁ ሲፈልግ ይመጣል» የሚሉሽን አትስሚ።