ጎበዙ ልጅ ብቻውን የማያሸንፍበት የቡድን ሳይንስ ውድድር፦ ለጎንደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በትምህርት ቤቶቻችን የሳይንስ ውድድር ሲባል ብዙ ጊዜ ጥያቄና መልስ ነው። ከየክፍሉ አንደኛ የሚወጡት መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጥያቄ ይነበባል፣ ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመልሳል። በቡድን ነው ቢባልም አንዱ ሲናገር ሌሎቹ አጃቢ ሆነው ይውላሉ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለ4ኛ፣ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል የታሰበ ነው። ዕቃው ከቅዳሜ ገበያ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብርና ከወጥ ቤት ይሟላል፤ ደንቡም ሁሉም ልጅ እጁን ካላስገባ ቡድኑ ነጥብ እንዳያገኝ ሆኖ የተሠራ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፦ ጥርን ተዉት። ከገና እስከ ጥምቀት ጎንደር በእንግዳ ትጨናነቃለች፣ በዚያ ላይ የመንፈቅ ዓመት ፈተና አለ። ሰኔም ዝናብና ማጠቃለያ ፈተና ነው። የሚመቸው ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ካሉት ቅዳሜዎች አንዱ ነው፤ የካቲት 23 የዓድዋ በዓል ቅዳሜ ላይ መዋል አለመዋሉን ግን አስቀድማችሁ እዩ። ቅዳሜ የሚመረጠው በፈረቃ የሚማሩት የጠዋትና የከሰዓት ልጆች አብረው መምጣት እንዲችሉ ነው። ወቅቱ ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚወድቅ መክሰሱ ዳቦ፣ ሙዝና ቆሎ ይሁን። ረመዳን ከገጠመም የሚጾሙ ልጆች እንዳይደክሙ ከጠዋቱ 2:30 ጀምራችሁ ከ6 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ቡድን አመሠራረት

አንድ ቡድን 4 ልጆች አሉት፤ 12 ቡድን ማለትም 48 ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ነው። ልጆቹን በውጤት ደረጃ አትምረጡ። ፈቃደኞችን መዝግባችሁ በየክፍሉ በሁለት ሳጥን ማለትም በሴትና በወንድ ለዩና ዕጣ አውጡ፤ በእያንዳንዱ ቡድን ከሦስቱም የክፍል ደረጃዎች ቢያንስ አንድ ልጅ፣ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ይኑር። ዕጣው በወላጅ መምህር ኅብረት አባል ፊት ቢወጣ «ለእገሌ ልጅ አደሉ» የሚል ወሬ ከሥሩ ይደርቃል። አራት ተጠባባቂዎችም አብረው ይመዝገቡ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚቀር ልጅ አይጠፋም።

አራት ጣቢያ፣ አራት ሚና አለ። ሚናዎቹ ሠሪ፣ ለኪ፣ መዝጋቢና ተናጋሪ ናቸው። ቡድኑ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ሲሄድ ሚናው በአንድ ይሸጋገራል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ሠሪ በሁለተኛው ለኪ፣ በሦስተኛው መዝጋቢ፣ በአራተኛው ተናጋሪ ይሆናል። ስለዚህ አራቱም ልጆች አራቱንም ሥራ አንድ አንድ ጊዜ ይሠራሉ። ዕቃ የሚነካው ሠሪው ብቻ፣ ሰዓትና ማስመሪያ የሚይዘው ለኪው ብቻ፣ ለዳኛ የሚመልሰው ተናጋሪው ብቻ ነው፤ መመካከር ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ጎበዙ ልጅ ሐሳቡን ለ4ኛ ክፍሏ ሠሪ አስረድቶ ማሳመን እንጂ ከእጇ መንጠቅ አይችልም። ሚናው በአንገት በሚንጠለጠል ካርድ ይታወቅ፤ ካርዱን በየጣቢያው መለዋወጥ ስለሚረሱ ዳኛው ሰዓት ከማስጀመሩ በፊት ያረጋግጥ።

በየጣቢያው ሦስት ቡድን በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ በጠቅላላው 12 ጠረጴዛ ማለት ነው። ሥራው 25 ደቂቃ፣ መቀያየሪያው 5 ደቂቃ ነው። ከ3 ሰዓት ከጀመራችሁ ከ4:55 ላይ ያልቃል። ውሃ ያለባቸውን ሁለቱን ጣቢያዎች በአንድ ክፍል፣ ደረቆቹን በሌላ ክፍል አድርጉ። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ዳኛ ያስፈልጋል። ከጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሠልጣኞች ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ተማሪዎች ቀደም ብሎ በደብዳቤ መጠየቅ ይሻላል፤ የተወዳዳሪዎቹ መምህር በዳኝነት አይቀመጥም።

ጣቢያ አንድ፦ የወረቀት ድልድይ

ለአንድ ቡድን አራት ኤ4 ወረቀት (ሁለቱ ለሙከራ፣ ሁለቱ ለመጨረሻው)፣ 30 ሳንቲ ሜትር ፕላስተርና መቀስ ይሰጣል። ቁመታቸው 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሁለት የመጽሐፍ ክምሮች መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ኤ4 ርዝመቱ 29.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በየጎኑ የሚያርፈው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክምሩ ትንሽ ከተገፋ ድልድዩ ይወድቃል። ስለዚህ የመጽሐፎቹን ቦታ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አስምሩ።

ጭነቱ በትንንሽ ፌስታል የታሰረ 100 ግራም ደረቅ አሸዋ ይሁን። በሱቅ ሚዛን መዝናችሁ ለአንድ ጠረጴዛ 30፣ ለሦስቱ 90 አዘጋጁ፤ 9 ኪሎ አሸዋ ማለት ነው። ውሃ ለመለካት ይቀላል ብላችሁ እንዳትጠቀሙ፤ አንድ ጊዜ ከፈሰሰ ወረቀቱ ለቀጣዩ ሙከራ አይሆንም። ጭነቱ በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ላይ መሐል ይቀመጥ። ድልድዩ 5 ሰከንድ ሳይቆይ ከወደቀ ወይም ወገቡ ጠረጴዛውን ከነካ ያ ከረጢት አይቆጠርም።

ዝርግ ወረቀት ምንም ያህል አይሸከምም፤ እንደ አኮርዲዮን በርዝመቱ ሲታጠፍ ግን ውፍረቱ ስለሚጨምር አይጎብጥም። የጎንደር ልጆች የፋሲል ግቢን በሮች እያዩ ስላደጉ ቅስት መሥራት የሚሞክሩ አይጠፉም። ቅስት ጭነቱን ወደ ጎን ይገፋል፤ ድንጋዩ የቆመው ግድግዳው ስለያዘው ነው፣ የወረቀቱ እግር ግን ይንሸራተታል። ይህን በመዝገባቸው የገለጹ ልጆች ድልድያቸው ቢወድቅም ለማብራሪያው ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል።

ጣቢያ ሁለት፦ ሰዓቱን የሚጠብቅ ፔንዱለም

ሥራው ይህ ነው፦ በ30 ሰከንድ ልክ 20 ጊዜ የሚወዛወዝ ፔንዱለም ሥሩ። አንድ ውዝዋዜ ማለት ሄዶ መመለስ ነው። የሚሰጠው 1.5 ሜትር ሲባጎ፣ ክብደታቸው የተለያየ ሦስት ጠጠር፣ ማስመሪያና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ነው። ትክክለኛው ርዝመት ሲባጎው ከታሰረበት እስከ ጠጠሩ መሐል ድረስ 56 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህን የሚያውቀው ዳኛው ብቻ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ ጠጠር ይቀያይራሉ፤ ክብደቱ ለውጥ እንደማያመጣ ሲገባቸው የተሰጣቸው ጊዜ ግማሹ አልቋል። ይህ ወጥመድ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ዳኛው ፍንጭ አይስጥ። ዳኛውን ራሱን የሚያሳስተው ግን አቆጣጠሩ ነው። ጠጠሩ ሲለቀቅ «ዜሮ»፣ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ሲመለስ «አንድ» ይባላል። ሲለቀቅ «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው 19 ውዝዋዜ ቆጥሮ 20 ይላል፤ አንድ ተኩል ሰከንድ ያህል ይሳሳታል። ከዚህ ጣቢያ የሚመጣ ክርክር ሁሉ ማለት ይቻላል መነሻው ይህ ነው። ጠጠሩም ከአንድ ስንዝር በላይ ወደ ጎን ተስቦ አይለቀቅ፤ በሰፊው ሲወዛወዝ ጊዜው ይረዝማል። ከ30 ሰከንድ በራቀበት በየግማሽ ሰከንዱ አንድ ነጥብ ይቀነሳል።

ጣቢያ ሦስት፦ የቆሸሸ ውሃ ማጣሪያ

ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ታችኛው ክፍል ተቆርጦ ይገለበጣል። መቁረጡ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ዋዜማውን ጨርሱና ስለታሙን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑት። ለቡድኑ ሁለት ብርጭቆ የታጠበ አሸዋ፣ አንድ ብርጭቆ ጠጠር፣ ግማሽ ብርጭቆ የተከሰከሰ ከሰል፣ አንድ እፍኝ ጥጥና ቁራጭ ነጠላ ጨርቅ ስጡ። የሚጣራው በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀይ አፈርና ትንሽ የደረቀ ቅጠል የተበጠበጠበት ነው። ጥቁር ዋልካ አትጠቀሙ፤ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ የማንም ማጣሪያ አይዘውም፣ ሁሉም ቡድን እኩል ደፍርሶ ይቀራል።

አሸዋውንና ከሰሉን አለማጠብ የዚህ ጣቢያ ትልቁ ስሕተት ነው። ያልታጠበ ከሰል ከገባው ውሃ የጠቆረ ውሃ ያወጣል። የውሃው ቀለም እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡት። ጥጡን አጥብቆ የጠቀጠቀ ቡድንም ውሃው አልወርድ ይለዋል፤ ስለዚህ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 200 ሚሊ ሊትር ያልወጣለት ከውጤቱ 5 ነጥብ ያጣል። ጥራቱን ለመለካት የተጣራውን ታቹ ግልጽ በሆነ ብርጭቆ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሙሉና አምስት መጠን ያላቸው ፊደሎች በተጻፉበት ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ከላይ ሲታይ በተነበበው ፊደል ልክ 3፣ 6፣ 9፣ 12 ወይም 15 ነጥብ ይሰጣል። ውሃው ንጹሕ ቢመስልም ተሕዋስያን አልወጡለትምና ማንም አይቅመሰው፤ ዳኛው ይህን ጮክ ብሎ ይናገር።

ጣቢያ አራት፦ ስድስት ምስጢራዊ ኩባያ

ከርከዴ በጎንደር ገበያ በቀላሉ ይገኛል። በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለት እፍኝ ዘፍዝፋችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ አጥልሉት፤ ዋዜማ ማታ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ካደረ ይቦካል። በቁጥር ብቻ በተለዩ ስድስት ኩባያዎች 30 ሚሊ ሊትር አስቀምጡ፦ በውሃ አሥር እጥፍ የቀጠነ አቼቶ፣ የቀጠነ የሎሚ ጭማቂ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የጨው ውሃ፣ የቢካርቦኔት ሶዳ ውሃ (በግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ) እና በጥቂቱ የሟሟ የልብስ ዱቄት ሳሙና። ልጆቹ በየኩባያው አምስት ጠብታ ከርከዴ ጨምረው አሲድ፣ ቤዝና ገለልተኛ ብለው ይለያሉ። አሲዱ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ ቤዙ ወደ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይለወጣል። መቅመስና ማሽተት ክልክል ነው።

ከርከዴ ራሱ አሲድ ነው። ልጁ በጠብታ ፈንታ ከገለበጠው የሶዳውን ውሃ ያሸንፈውና ሁሉም ኩባያ ቀይ ይሆናል፤ ስለዚህ መርፌው የተነቀለ ስሪንጅ ስጡት። ቤኪንግ ፓውደር ከሶዳው ሌላ አሲድም ስላለበት ቀለሙ ዳኛውን ራሱን ያወዛግበዋል፤ ሲገዙ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ማየት ነው። በረኪና ግን ወደ ክፍሉ አይግባ፦ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን የተባለ የሚያፍን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የምትጠቀሙበትን ውሃም አስቀድማችሁ በከርከዴ ሞክሩት፤ የቧንቧውና የጉድጓዱ ውሃ እኩል ቀለም ላይሰጥ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ዋዜማውን ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ ካላሳደራችሁ ሁለቱ ጣቢያዎች አይሠሩም።

እንቁላል እንዳይሰበር ጠቅልሎ ከፎቅ የመጣል ውድድር ለምን የለም ለምትሉ፦ ጾም ነው፣ እንቁላልም ውድ ነው፣ ምግብ ሲሰበር የሚስቁ ልጆችን የሚያይ ወላጅም ደስ አይለውም።

ነጥብ አሰጣጥ

እያንዳንዱ ጣቢያ 25 ነጥብ አለው፤ 15ቱ ለውጤት፣ 10ሩ ለመዝገብና ለመልስ። የመዝገቡ ወረቀት ሦስት ጥያቄ ብቻ ይይዛል፦ ምን ጠበቃችሁ? ምን ሆነ? ለምን ይመስላችኋል? «ለምን» የሚለውን ተናጋሪው በራሱ ቃል ይመልስ፤ የመጽሐፍ ትርጓሜ ሸምድዶ ለተናገረና በእጁ ያየውን ላስረዳ እኩል አትስጡ። በድልድዩ ጣቢያ የበለጠ የተሸከመው 15 ያገኛል፣ ሌላው በተመጣጣኝ፤ ከፍተኛው 18 ከረጢት ከሆነ 12 የተሸከመው 10 ነጥብ ያገኛል። በምስጢራዊ ኩባያው ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ ሁለት ነጥብ ተኩል ነው።

እኩል ለወጡ ቡድኖች አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ስጡ፣ አራቱም ተመካክረው በአምስት ደቂቃ ይጻፉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብሎ 100ን ብቻ መቀበል አይገባም። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ ውሃም የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። «መጽሐፉ 100 ይላል፣ እኛ ቤት ግን ከዚያ በታች ይፈላል፤ ለምን?» ብትሉ ግን ጥሩ መለያ ጥያቄ ይሆናል።

ከሳምንት በፊት የማይወዳደሩ አራት ልጆች አራቱንም ጣቢያ ይሞክሩ። ሙከራው የሚያሳያችሁ የጎደለውን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የመመሪያ ካርዱ ለ4ኛ ክፍል ልጅ የማይገባ ከሆነም ያኔ ይታወቃል። መመሪያው በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከአምስት መስመር ሳይበልጥ ይጻፍ፤ ዳኛውም አንድ ጊዜ ያንብበው። መብራት ስለሚጠፋ በድምፅ ማጉያ አትተማመኑ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ይበቃል።

በዕለቱ ከባዱ ሥራ አዋቂዎችን ማራቅ ነው። ከጠረጴዛዎቹ ሦስት ሜትር ርቆ ገመድ ይወጠር፤ ወላጅም መምህርም ከገመዱ ወዲያ ይቁም። ከውጭ ምክር የተነገረው ቡድን መጀመሪያ ይገሠጻል፣ ሁለተኛ ከሆነ ሦስት ነጥብ ያጣል። አቤቱታ የሚያቀርቡት ተማሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ባለው 10 ደቂቃ ውስጥ። ነጥቡን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ደምረው ያመሳክሩት። ሽልማቱ አራት እኩል ነገር ይሁን፣ ለምሳሌ ደብተርና የጂኦሜትሪ መሣሪያ፤ አንድ ዋንጫ ብቻ ከሰጣችሁ ማን ቤት ያድራል የሚለው ጠብ ሰኞ ይቀጥላል። የመዝገብ ወረቀቶቹ ዳኛው ካረመባቸው በኋላ ለየቡድኑ ይመለሱ፤ አሸዋው፣ ጠጠሩና ሃይላንዱ ታጥበው በሳይንስ ክበቡ ቁም ሣጥን ለከርሞ ይቀመጡ።