የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞችን ከየት ጀምሮ እንዴት ማየት ይሻላል

ብዙዎቻችን ሥዕል ሲንቀሳቀስ ስናይ «ይሄ የልጆች ነው» ብለን ቻናል እንቀይራለን። ጃፓኖች ግን የጦርነትን ረሃብ፣ የጉርምስናን ግራ መጋባት፣ የእናትነትን ድካም ሁሉ በዚሁ ስልት ሲተርኩ ኖረዋል። ስለዚህ ጀማሪ ተመልካች አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ «አኒሜ» ሲባል የፊልም አሠራር እንጂ ለአንድ የዕድሜ ክልል የተመደበ የታሪክ ዓይነት አለመሆኑን ነው። ይህን ሳያውቅ ያገኘውን የሚከፍት ሰው፣ ወይ በሃያኛው ደቂቃ ሰልችቶት ይተወዋል፣ ወይም ሕፃን ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የማይሆነውን ያሳየዋል። ከዚህ በታች በየትኛው ፊልም ቢጀመር፣ የትኛውስ ቢቆይ እንደሚሻል አስረዳለሁ። ርዕሶቹን ለመፈለግ እንዲመቹ በእንግሊዝኛ በሚታወቁበት አጠራር ጽፌያቸዋለሁ፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ «ማይ ኔይበር ቶቶሮ»ን ቢያስቀድም አይቆጨውም። ፊልሙን የሠራው ሃያዎ ሚያዛኪ ሲሆን፣ ከኢሳኦ ታካሃታና ከቶሺዎ ሱዙኪ ጋር በ1985 ባቋቋመው በስቱዲዮ ጂብሊ ተዘጋጅቶ በ1988 ለእይታ በቅቷል፤ ርዝመቱም 86 ደቂቃ ብቻ ነው። ሳትሱኪና ሜይ የተባሉ ሁለት እህትማማቾች፣ እናታቸው ታማ ሺቺኮኩያማ ሆስፒታል ስለተኛች፣ ከአባታቸው ጋር ለሆስፒታሉ ወደሚቀርብ የገጠር ቤት ይገባሉ። ክፉ ሰው የለበትም፣ ጠብም የለበትም። በጣም የታወቀው ትዕይንት እንኳ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ታላቋ ልጅ እንቅልፍ የወሰዳትን ታናሿን አዝላ አባቷን ትጠብቃለች፣ ከጎኗ አንድ ግዙፍ የጫካ ፍጡር ራሱ ላይ ቅጠል ደፍቶ መጥቶ ይቆማል። ለአባቷ ያመጣችውን ጃንጥላ ታውሰዋለች። ከዛፉ የሚወርደው ጠብታ ጃንጥላውን ጠብ ጠብ ሲያደርገው ድምፁ ደስ ይለውና፣ ብድግ ብሎ ሲዘል ዛፎቹ ያቆሩትን ውኃ ሁሉ አንድ ጊዜ ያራግፉታል። ከዚህ ሌላ ብዙም አይሆንም።

በዚህ ትዕይንት ስልኩን የሚያወጣ ሰው ፊልሙን አላየውም ማለት ይቻላል። ጃፓኖች በሁለት ድርጊቶች መካከል ሆን ተብሎ የሚተወውን ባዶ ጊዜ «ማ» ይሉታል። ሚያዛኪም ለአንድ አሜሪካዊ ሐያሲ ሲያስረዳ እጁን ደጋግሞ ካጨበጨበ በኋላ፣ «ማ» ማለት በጭብጨባዎቹ መካከል ያለው ጊዜ መሆኑን ነግሮታል። ስለዚህ እነዚህን ፊልሞች በተጣደፈ ምሽት አይክፈቱ፤ ጸጥ ያለውንም ክፍል አይዝለሉት።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ስፒሪትድ አዌይ» ነው። በ2001 የወጣው ይህ የሚያዛኪ ፊልም በ2002 የበርሊን ፌስቲቫልን ወርቃማ ድብ፣ በ2003 ደግሞ የኦስካር ሽልማትን አግኝቷል። ቺሂሮ የተባለች የአሥር ዓመት ልጅ ወላጆቿ ወደ አሳማነት ተለውጠውባት በአማልክትና በመናፍስት የመታጠቢያ ቤት ተቀጥራ ለመሥራት ትገደዳለች። አሠሪዋ ዩባባ ውሉን ካስፈረመቻት በኋላ እጇን ስትዘረጋ፣ የልጅቷ ስም የተጻፈባቸው ፊደላት ከወረቀቱ ላይ ተነሥተው መዳፏ ውስጥ ይገባሉ፤ አንድ ብቻ ይቀራል። የቀረው ፊደል ለብቻው ሲነበብ «ሴን» ነው፣ ትርጉሙም «ሺህ» ማለት ነው፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቷ በዚህ ስም ትጠራለች። ስሟን ከረሳች ወደ ቤቷ የምትመለስበትን መንገድም ታጣዋለች። አንድ የጃፓን ፊደል እንደ አቀማመጡ ሁለት ንባብ ሊኖረው እንደሚችል ሳያውቅ የሚያይ ሰው፣ ስሙ ለምን እንደተለወጠ ሳይገባው ያልፋል።

ድምፁን በተመለከተ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ማንበብ የሚችል ሰው በጃፓንኛ ድምፅና በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ይመልከት። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይልቅ የተሻለ ጆሮ አለው። እኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን ለይተን ስለኖርን፣ ከስም በኋላ የሚከተለው «ሳን» አክብሮት፣ «ቻን» ማቆላመጥ፣ «ሳማ» ደግሞ ከፍ ያለ ክብር መሆኑን አንዴ ከተነገረን ማን ለማን እንደሚያጎነብስና ማን ማንን እንደሚንቅ በጆሯችን እንከተላለን፤ እንግሊዝኛው ግን ይህን ሁሉ በአንድ «ዩ» ያስተካክለዋል። የማኮቶ ሺንካይ የ2016 ፊልም «ዩር ኔም» ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ሚትሱሃ የምትባል የገጠር ልጅ አንድ ቀን ታኪ በተባለ የቶኪዮ ወጣት ገላ ውስጥ ሆና ትነቃለች። ከጓደኞቹ ጋር ስትጨዋወት ራሷን «ዋታሺ» ብላ ስትጠራ ፊታቸውን ያኮሳትራሉ፤ «ዋታኩሺ» ስትል ይብስባቸዋል፤ «ቦኩ»ም አይሆንም፤ በመጨረሻ «ኦሬ» ስትል ብቻ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አራቱም ትርጉማቸው «እኔ» ነው። ወንድ ልጅ አፉ ስቶት «መጣሁ፣ ደክሞኛል» ሲል ምንም አይታወቅበትም፣ «ነይ» ተብሎ ቢጠራ ግን ክፍሉ ሁሉ እንደሚስቅ የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ቀልዱን ያለ አስረጂ ይይዘዋል።

ከሰው በፍላሽ የምንቀበላቸው ቅጂዎች አንዳንዴ ሁለት ድምፅና ሁለት ሰብታይትል ይይዛሉ። በኮምፒዩተር ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የሚመለከት ሰው ከቁልፍ ሰሌዳው «ቢ»ን ሲጫን ድምፁ፣ «ቪ»ን ሲጫን ሰብታይትሉ ይቀያየራል። የተናጋሪው አፍ ተዘግቶ ሳለ ጽሑፍ ከመጣ፣ ወይም የበር መንኳኳትን የመሰለ ድምፅ በቅንፍ ከተጻፈ፣ የያዙት ሰብታይትል ለእንግሊዝኛው ዳቢንግ (በጃፓንኛው ምትክ ለተቀዳው የእንግሊዝኛ ድምፅ) የተዘጋጀው ነውና ወደ ሌላኛው ይለውጡት። ገና ማንበብ ላልለመዱ ልጆች ግን ዳቢንጉ ነውር የለበትም።

አሁን ስለ ልጆች ካነሣሁ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ቶቶሮን የወደዱትን የእህቴን ልጆች ሰብስቤ፣ «ይህም ከዚያው ስቱዲዮ ነው» ብዬ «ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስ»ን ከፈትኩላቸው። ትንሿ እያለቀሰች ስትተኛ እህቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። የታካሃታ ፊልም ነው፤ በአኪዩኪ ኖሳካ የ1967 አጭር ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ደራሲውም በጦርነቱ ጊዜ ታናሽ እህቱን በረሃብ ያጣ ሰው ነበር። የአሥራ አራት ዓመቱ ሴይታ በ1945 ኮቤ ከተማ በቦምብ ከነደደች በኋላ የአራት ዓመት እህቱን ሴትሱኮን ይዞ ይንከራተታል፤ እንደማይተርፍም ፊልሙ ገና ሲጀምር ራሱ ይነግረናል። የከረሜላው ቆርቆሮ ባዶ ሲሆን ውኃ ጨምሮበት በጥብጦ ያጠጣታል፤ እርሷም የቀረውን ጣዕም አንድ በአንድ ትለያለች። «ኒቻን» እያለች ስትጣራ «ጋሼ» ወይም «ወንድም ዓለም» እያሉ ያደጉ ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ለመናገር አልሞክርም። የሚገርመው፣ ሁለቱ ፊልሞች ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ የወጡት በአንድ ቀን፣ በኤፕሪል 16 ቀን 1988፣ ተከታትለው እንዲታዩ ሆነው ነው። ያን ቀን ቶቶሮን በኋላ ያዩ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። እርስዎ ግን ይህን ፊልም ብቻዎን ወይም ከአዋቂ ጋር፣ በማግስቱ ከባድ ሥራ በሌለበት ምሽት ይመልከቱት።

«ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» (1997) የሚያዛኪ ቢሆንም በቀስት እጅና አንገት የሚቆረጥበት ስለሆነ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክረውም። «ኤ ሳይለንት ቮይስ» (2016)፣ በናኦኮ ያማዳ የተዘጋጀው፣ መስማት የተሳናትን ልጅ ሲያሠቃይ የኖረ ተማሪ ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ሲፈልግ ያሳያል። ልጁ የሰዎችን ዓይን ማየት ስለተሳነው፣ ፊታቸው ላይ ሁሉ የኤክስ ምልክት ተለጥፎ ይታየዋል። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ራስን የማጥፋት ሙከራ ስላለበት ወላጅ አብሮ ቢቀመጥ ይመረጣል። ለወላጆች ለራሳቸው ደግሞ የማሞሩ ሆሶዳን «ዎልፍ ችልድረን» (2012) አስቀድማለሁ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግማሽ ሰው ግማሽ ተኩላ የሆኑ ሁለት ልጆቿን ገጠር ወስዳ፣ ድንች መትከል ከጎረቤት እየተማረች ታሳድጋለች።

ዳይሬክተሩ ሳቶሺ ኮን በ2010 በ46 ዓመቱ ሲሞት ጨርሶ የተወልን አራት ፊልሞችን ብቻ ነው። ብዙ ሰው በ«ፐርፌክት ብሉ» (1997) ይጀምርና ይደነግጣል፤ ፊልሙ ለአዋቂ ብቻ የሚሆን ነው፣ ግፍና ወሲባዊ ጥቃት አለበት። መግቢያው «ቶኪዮ ጎድፋዘርስ» (2003) ቢሆን ይሻላል። በገና ዋዜማ ቶኪዮ ውስጥ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለች ሕፃን አግኝተው እናቷን ፍለጋ ይወጣሉ፤ ሳቅና እንባ ተቀላቅለውበታል።

ሁለት ፊልሞችን ዝናቸው ስለሚያታልል ወደ ኋላ ያቆዩአቸው። «ዴመን ስሌየር፦ ሙገን ትሬይን» (2020) የቴሌቪዥን ተከታታይ ቅጥያ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ 26 ክፍሎች ያላየ ሰው ማን ለማን እንደሚያለቅስ አይገባውም። «አኪራ» (1988) ደግሞ ካትሱሂሮ ኦቶሞ የራሱን ረጅም የሥዕል መጽሐፍ ገና ሳይጨርሰው ወደ ሁለት ሰዓት ፊልም ያጠበበው ስለሆነ ታሪኩ ይሮጣል። በመጀመሪያው ዕይታ ታሪኩን ለመያዝ አይድከሙ፤ በሌሊት መንገድ የሚከንፉትን ሞተር ብስክሌቶችና ከኋላቸው የሚቀረውን የቀይ መብራት ጭረት ብቻ ይመልከቱ፣ ታሪኩን በሁለተኛው ዕይታ ይከተሉታል።