ቤት ከመረከብዎ በፊት፦ ጉድለት እንዴት ይፈተሻል፣ እንዴትስ ይጻፋል

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ገዝተው የርክክብ ቀን ሲደርስ ልብ ይቸኩላል። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ የሻጩ ተወካይም ወረቀቱን ዘርግቶ ፊርማዎን ይጠብቃል። እባክዎ ያቺን ፊርማ ትንሽ ያቆዩአት። ከፊርማ በፊት በወረቀት የሰፈረ ጉድለት የሻጩ ሥራ ነው። ከፊርማ በኋላ የተገኘው ግን ብዙውን ጊዜ "እርስዎ ሲጠቀሙበት ነው የተበላሸው" የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ባለሙያ ቀጥሮ ማስፈተሽ ጥሩ ነው። የሚያውቁት መሐንዲስ ካለም ይዘውት ይሂዱ። ባይኖር ግን አብዛኛውን ጉድለት ማንም ጠንቃቃ ሰው ሊያገኘው ይችላል።

ከመሄድዎ በፊት

ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ እርሳስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ባልዲ፣ አሮጌ ጨርቅና አንድ ሳንቲም ይያዙ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሶኬት መሞከሪያ ቢገዙ ደግሞ በጣም ይጠቅምዎታል። ሶኬት ላይ ሲሰካ መስመሮቹ በትክክል መያያዛቸውን በሦስት መብራት የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ ነው።

ጠዋት ይሂዱ። የቀን ብርሃን በመስኮት በኩል ግድግዳውን በጎን ሲመታው የልስኑ ጉብታና ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃና መብራት መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ገና ካልገባ ደግሞ "ውሃ ስላልገባ ቧንቧው አልተፈተሸም" ብለው ይጻፉ። ያልተፈተሸ ነገር ሁሉ "አልተፈተሸም" ተብሎ መመዝገብ አለበት። ዝም ከተባለ "ደህና ነው" እንዳሉ ይቆጠርብዎታል።

ውሃ ይቅደም

ጊዜ ካጠረዎት ሌላውን ትተው ውሃውን ይፈትሹ። ቤት ውስጥ ብዙ ወጪ የሚያስከትለው፣ ከጎረቤትም የሚያጣላው እሱ ነው።

መታጠቢያ ቤት ይግቡ። የወለሉን የፍሳሽ መውረጃ በጨርቅ ጥብቅ አድርገው ይድፈኑ። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሙሉና የውሃው ጠርዝ ግድግዳው ላይ የደረሰበትን በእርሳስ ያመልክቱ። ውሃው በበሩ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። እስከ ማግስቱ፣ ማለትም ለ24 ሰዓት ይተዉት። በማግስቱ የታችኛውን ፎቅ ኮርኒስ ይዩ። ታች ቤት ያለውን ሰው አስቀድመው ማስፈቀድ አለብዎት፤ ለሱም ስለሚበጀው አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። እርጥበት ወይም ጠብታ ካለ የወለሉ የውሃ መከላከያ አልተሠራም፣ ወይም ተቀዷል ማለት ሳይሆን አይቀርም። ሻጩ ክፍተቱን በሲሊኮን ልድፈነው ቢልዎት አይቀበሉ። መከላከያው ያለው ከሴራሚኩ ሥር ነው፤ ከላይ የሚቀባ ነገር ችግሩን ለጥቂት ወራት ከመሸፈን አያልፍም።

ጨርቁን ሲያነሱ ደግሞ ሁለተኛ ፈተና ያገኛሉ። ውሃው ሁሉ ወደ መውረጃው ይሄዳል? ወይስ ጥግ ላይ ይተኛል? የመታጠቢያ ቤት ወለል በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘንበል ይኖርበታል። ከኮሪደሩም ዝቅ ማለት አለበት።

ቀጥሎ ቧንቧዎቹን አንድ ላይ ይክፈቱ። ሻወሩ እየወረደ ሽንት ቤቱን ያውርዱ። የወለሉ መውረጃ ከተንቦጫረቀ ወይም ሽታ ከወጣ ሲፎኑ (ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚይዘው ጠማማ ቧንቧ) ወይም የአየር መውጫ ቧንቧው ችግር አለበት። ከሲንክና ከመታጠቢያ ገንዳ በታች ደረቅ ሶፍት ይዘው መገጣጠሚያዎቹን ያብሱ። ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳይዎታል።

የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከሆኑ ጣሪያውን ሳያዩ አይፈርሙ። በጋ ላይ የሚረከቡ ሰዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ስለሌለ ሁሉም ደረቅ ይመስላል። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ምልክት ወይም በአንድ ቦታ ብቻ አዲስ የተቀባ ቀለም ካዩ ይጠይቁ። አሸንዳው ውስጥ የቀረ ሲሚንቶና ፌስታል መኖር አለመኖሩንም ይመልከቱ። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ በዚያ በኩል ሞልቶ ወደ ግድግዳ ይመለሳል።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም

እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ልስኑ ላይ ተበትኖ የሚታይ ስንጥቅ ሲሚንቶው ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ይመዘገባል እንጂ አያስደነግጥም። ብሎኬቱና የኮንክሪት ምሰሶው በሚገናኙበት ቦታ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም የተለመደ ነው። ልስን ከመሠራቱ በፊት መጋጠሚያው ላይ ወንፊት ሽቦ ቢደረግ ኖሮ አይመጣም ነበር፤ ስለዚህ እንዲስተካከል ይጠይቁ።

የሚያሳስበው ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው ነው። በተለይ በግድግዳው በሁለቱም በኩል ከታየ። ልኬቱን ለማወቅ የኤቲኤም ካርድዎን ይጠቀሙ። የካርዱ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ካርዱ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ "ከ0.7 ሚሊ ሜትር በላይ" ብለው በእርግጠኝነት መጻፍ ይችላሉ። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ያመልክቱና ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ። ከወር በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ምሰሶ ወይም ቢም (አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ላይ ስንጥቅ ካዩ ግን ወር አይጠብቁ፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ።

ሴራሚኩን በሳንቲም መታ መታ ያድርጉት። ሞልቶ የተለጠፈው ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ ሥሩ ባዶ የሆነው ያስተጋባል። ባዶ የሆኑት ላይ ወረቀት ለጥፈው ፎቶ ያንሱ።

ኤሌክትሪክ

የብሬከር ሳጥኑን ራስዎ አይፍቱ። ከውጭ የሚደረገው ይበቃዎታል። እያንዳንዱን ሶኬት በቻርጀሩ ይሞክሩ፤ ከዚያ በመሞከሪያው። ብዙ አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ኧርዝ የሚባለው የመሬት መስመር አልተያያዘም። ዕቃው ይሠራል፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። ፍሪጁ ወይም ልብስ ማጠቢያው ሲነዝር ነው የሚታወቀው። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ነው፤ ከዝርዝርዎ አናት ላይ ይቀመጥ።

የምጣዱን መስመርም ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፒር ገደማ ማለት ነው። ከሌሎች ሶኬቶች ጋር በአንድ መስመር ከተያያዘ ብሬከሩ በየጊዜው ይወድቃል። ብሬከሩን በትልቅ ልቀይርልዎ የሚል ሰው ካለ እምቢ ይበሉ፤ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከር ማሳደግ እሳት መጥራት ነው። ምጣዱም ቦይለሩም የየራሳቸው መስመር ያስፈልጋቸዋል።

በርና መስኮት ብዙ አያደክምም። ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ ይቆልፉ። ውጭ ያለው የመስኮት ደፍ ውሃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ ማዘንበሉን ብቻ አይርሱ። ክፍሎቹንም በሜትር ይለኩ፤ ውሉ ላይ ያለው ካሬ የጋራ መተላለፊያንና ደረጃን ጨምሮ እንደሆነም ያረጋግጡ።

ጉድለቱ እንዴት ይጻፋል

ጥሩ ፍተሻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ያየውን ትቶ የተናደደበትን ይጽፋል።

"መታጠቢያ ቤቱ ያፈሳል፣ ሥራው የማይረባ ነው" የሚል ደብዳቤ ለመመለስ ቀላል ነው። "አይተነዋል፣ አያፈስም" ይሉዎታል፤ አለቀ። ይህንን ግን ያነጻጽሩ፦

"ተራ ቁጥር 3። ዋና መኝታ ቤት ውስጥ ያለ መታጠቢያ ቤት። የወለሉ መውረጃ ተደፍኖ 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለ24 ሰዓት ቆሟል። በማግስቱ በታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ፣ ከፍሳሽ ቧንቧው አጠገብ፣ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ እርጥበት ታይቷል። ፎቶ 7 እና 8። የወለሉ የውሃ መከላከያ እንዲታደስና ፈተናው በጋራ እንዲደገም እጠይቃለሁ።"

ቦታ፣ የተደረገው ፈተና፣ የታየው ነገር በልክ፣ ፎቶ፣ የሚጠየቀው። አምስቱ ካሉ ሌላ ቅጽል አያስፈልግም። የሚያዩትንና የሚገምቱትን አይቀላቅሉ። "ግድግዳው ላይ እርጥበት አለ" ያዩት ነው፤ "ቧንቧው ተሰብሯል" ግምት ነው። ግምትዎ ከተሳሳተ ሙሉው ዝርዝር ይጠረጠራል።

ፎቶ ሁለት ሁለት ያንሱ። አንዱ ክፍሉን የሚያሳይ፣ ሌላው ጉድለቱን በቅርብ ከሜትር ጋር። በቅርብ ብቻ የተነሳ ፎቶ የማንም ቤት ሊሆን ይችላል።

ዝርዝሩን ሲያደራጁ ለሕይወት የሚያሰጋውን አስቀድሙ፤ ቀጥሎ ውሃን የመሰለ እያደረ የሚብሰውን፤ የቀለምና የዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ጠርዝ) ነገር መጨረሻ ላይ። ሃምሳ የቀለም ነጠብጣብ ከፊት ከተደረደረ የመሬት መስመሩ ይረሳል።

ማስገባት

በቴሌግራም መላክ ለፍጥነት ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ያስገቡ፣ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። የርክክብ ቅጹ ላይ "ሙሉ በሙሉ ተረክቤአለሁ" የሚል ካለ ከፊርማዎ በላይ "ከተያያዘው የጉድለት ዝርዝር ጋር" ብለው በእጅዎ ይጻፉ። ይህን አትጽፍም ካሉዎት መፈረሙን ያቆዩትና የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ውጭ አገር ሆነው የገዙ ከሆነ የሰጡት ውክልና ቤት መረከብንና ጉድለት ማሳወቅን መጨመሩን ያረጋግጡ። ወንድምዎ ወይም እህትዎ ሲረከቡልዎት በቪዲዮ አብረው ይዙሩ። የ24 ሰዓቱ የውሃ ፈተና በቪዲዮ ጥሪ አይታይምና ሁለት ቀን እንዲሰጡት ይለምኗቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩን ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ ግን ተቋራጩንና አሠሪውን የሚመለከት ነው። እርስዎ ከሻጭ የገዙ ከሆነ የራስዎን ውል የዋስትና አንቀጽ ያንብቡ፤ ጉድለት በስንት ቀን ውስጥ መነገር እንዳለበትም ከዚያው ያገኙታል።

ጠጋኝ ከመጣ በኋላ ዝርዝሩን ይዘው ይመለሱና እያንዳንዱን ቁጥር በተገኘበት መንገድ እንደገና ይፈትሹ። በውሃ የተገኘው በውሃ፣ በመሞከሪያ የተገኘው በመሞከሪያ። ያለፈውን ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ያላለፈው ከነቁጥሩ ወደሚቀጥለው ደብዳቤ ይሻገራል።